ቀብድ የተያዘበት ቃል

መርካቶ ሶፋ ልትገዙ ወጥታችኋል እንበል። ዐይናችሁ ያረፈበት አንድ አለ፤ ቀለሙም ልኩም ለእናንተ ቤት የተሠራ ይመስላል። ዋጋ ስትጠይቁ ባለሱቁ ራሱን ይነቀንቅና «ቀብድ ተይዞበታል» ይላችኋል። ሶፋው እዚያው ፊታችሁ ቆሟል። ያኛው ገዢ ገና ሙሉውን አልከፈለም፤ ወደ ቤቱም አልወሰደውም። እናንተ ደግሞ ሙሉውን ገንዘብ በኪሳችሁ ይዛችኋል። ቢሆንም ለእናንተ ያ ሶፋ የለም። ሰውየው ቀድሟችሁ መጥቶ የወሰደው ሶፋውን ሳይሆን የእናንተን የመግዛት ዕድል ነው።

ይህን ምሳሌ ያመጣሁት አንዲት ተርጓሚ ጓደኛዬ «ፕሪኤምፕት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በአማርኛ ምን ልበለው ብላ ስለጠየቀችኝ ነው። እሷ «ቀድሞ ማድረግ» ብላ ጽፋው ነበር፤ ግን አንድ ነገር እንደሚጎድለው ጆሮዋ ነግሯታል። ጆሮዋ አልተሳሳተም። ቃሉ መቅደም ብቻ አይደለም፤ ቀድሞ የሌላውን በር መዝጋት ነው። ይህን ለማየት የተወለደበትን ገበያ መጎብኘት ያስፈልጋል። የቃሉ ታሪክ እኔን ስላስደነቀኝ እናንተም አብራችሁኝ እንድትደነቁ እፈልጋለሁ። (ዓመቶቹንም ቀኖቹንም ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።)

ቃሉ ሁለት የላቲን ክፍሎች አሉት። «ፕራይ» በፊት ማለት ነው፤ «ኤሜሬ» ደግሞ መግዛት። ስለዚህ «ፕሪኤምፕሽን» የሚለው ስም ሲፈታ ከሌላው በፊት መግዛት ይሆናል። ጦርነትም፣ ኮምፒውተርም፣ ክርክርም ገና አልመጡም፤ ሥሩ ላይ ያለው ግዢ ብቻ ነው። «ኤሜሬ» ራሱ ጥንት መውሰድ ነበር፤ ላቲኖች በኋላ ነው ለመግዛት ያዋሉት።

ከዚሁ ሥር የወጡ ሌሎች ቃላት እኛም ቤት ይመላለሳሉ። «ፕሪሚየም» የቃላችን የእናት የአባት ልጅ ነው፤ ከእነዚያው ሁለት ክፍሎች ነው የተሠራው። መጀመሪያ ሌላው ሳይደርስበት የሚነሣ የምርኮ ድርሻ ነበር፤ ከዚያ ሽልማት፣ ከዚያ ደግሞ በቅድሚያ የሚከፈል የመድን ገንዘብ ሆነ። እኛ ይህን ገንዘብ «አረቦን» እንለዋለን። አረቦን ከዐረብኛና ከዕብራይስጥ ጋር የምንጋራው ቃል ሲሆን በእነሱ ዘንድ ትርጉሙ ቀብድ፣ መያዣ ነው። እስቲ አስቡት፦ ላቲን በአንድ መንገድ፣ ሴማዊዎቹ ቋንቋዎች በሌላ መንገድ ተጉዘው የመኪና ኢንሹራንስ በምንከፍልበት መስኮት ላይ ተገናኙ። «ሪዲም» የሚለውም የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው፤ መልሶ መግዛት ማለት ነው። ቤዛ፣ መቤዠት ስንል የምናስበውን ያህል ክብደት በእንግሊዝኛ የተሸከመው ይህ ቃል ነው።

በእንግሊዝ አገር «ፕሪኤምፕሽን» ለረጅም ዘመን የንጉሥ መብት ነበር። የቤተ መንግሥቱን ማጀት የሚሞሉ ሹማምንት ገበያ ሲወጡ እህሉንና ከብቱን ከማንም በፊት፣ ያውም በራሳቸው ግምት ዋጋ መግዛት ይችሉ ነበር። ሕዝቡ አምርሮ ጠልቶት ኖሮ ፓርላማው በ1660 አስቀረው። ተራው ነጋዴ ግን ያንኑ ቢያደርግ ወንጀለኛ ነበር። ገበሬው ገበያ ሳይገባ መንገድ ላይ ጠብቆ ዕቃውን መግዛት «ፎርስቶል» ይባል ነበር፤ ወንጀልነቱ በሕግ የተሰረዘው በ1844 ነው። በማለዳ ከገበያው ወዲያ ማዶ ቆሞ የገጠሩን ሰው ዶሮና እንቁላል የሚያጠራቅም ነጋዴ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ዛሬ «ፎርስቶል» አንድ ነገር እንዳይደርስ ቀድሞ ማገድ ሆኗል፤ ከ«ፕሪኤምፕት» ጋር ጎረቤት ነው። ሁለቱም ከገበያ ወጥተው ነው ወደ ሐሳብ ዓለም የገቡት።

«ፕሪኤምፕት» የሚለው ግስ ግን እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ አልነበረም። ስሙ ቀድሞ ነበር፤ ግሱን ከስሙ ቆርጠው ያወጡት አሜሪካውያን ናቸው፣ ምክንያቱም መሬት ነው። ወደ ምዕራብ የሚጎርፈው ሰፋሪ መንግሥት ያልሸጠው መሬት ላይ ጎጆ ቀልሶ፣ ዛፍ ቆርጦ፣ በቆሎ ዘርቶ ይቀመጣል። ከዓመታት በኋላ መሬቱ ለጨረታ ሲቀርብ የከተማ ባለገንዘብ መጥቶ ካለማው እርሻ ሊያስነሣው ይችላል። የ1841ዱ የፕሪኤምፕሽን ሕግ ይህን ለማስቀረት ወጣ። በመሬቱ ላይ የሚኖርና የሚያለማ ሰው መሬቱ ለጨረታ ከመቅረቡ በፊት እስከ 160 ኤከር፣ ማለትም 65 ሄክታር ገደማ፣ በኤከር 1 ዶላር ከ25 ሳንቲም ቢያንስ ከፍሎ እንዲገዛ ፈቀደ። ሙሉው ሲሰላ 200 ዶላር ነው። የቤተሰብ ኃላፊዎች፣ ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሴቶችና ከ21 ዓመት በላይ የሆኑ ያላገቡ ወንዶች ሊጠቀሙበት ይችሉ ነበር። ሕጉ የቆየው እስከ 1891 ነው።

ደሃው ሰፋሪ በዚህ ሕግ ባለገንዘቡን ቀደመ። እዚህ ላይ ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ያ «ማንም ያልገዛው» መሬት የአገሬው ነባር ሕዝቦች ይኖሩበት፣ ያድኑበትና ይቀብሩበት የነበረ ምድር ነው። ከእነሱ ላይ በጫና ውልና በጦር ከተወሰደ በኋላ ነው ማን ይቅደም የሚለው ክርክር የተጀመረው። ስለ ቀዳሚነት የተጻፈው ሕግ ከሁሉ የቀደሙትን አልቆጠራቸውም። ግሱ የተወለደው በዚህ ምድር ላይ መሆኑን ሳስብ ቃሉ ውስጥ ያለው የመንጠቅ ጠረን ከየት እንደመጣ ይገባኛል።

አሁን ወደ አማርኛችን ልመለስ። «ቀደመ» እጅግ ቅርብ ቃል ነው። «ልልህ ስል ቀደምከኝ» ስንል ያቺ ትንሽ «ኝ» የተሸነፈውን ሰው ይዛልናለች፤ እንግሊዝኛው ይህን ጸጋ አላገኘም። ልዩነቱን ግን ሩጫ ያሳየናል። በ2000 ሲድኒ ላይ ኃይሌ ገብረሥላሴ ፖል ቴርጋትን በ10 ሺህ ሜትር ቀደመው፤ በመካከላቸው የነበረው 9 መቶኛ ሰከንድ ብቻ ነው። ቴርጋት ግን ሩጫውን ጨርሷል፣ ብርም አግኝቷል። በ«ፕሪኤምፕት» ዓለም ብር የለም። የተቀደመው ወገን ሁለተኛ አይወጣም፤ ጭራሽ ሳይሮጥ ይቀራል።

በየመሥሪያ ቤቱ ስብሰባ የሚወደደው «ፕሮአክቲቭ»ም ከዚህ ይለያል። ፕሮአክቲቭ የሰው ጠባይ ነው፤ ሳይታዘዝ የሚነሣ፣ ችግር እስኪመጣ የማይጠብቅ ሰው። ያ ሰው ማንንም ሳያሸንፍ፣ ምንም ሳይዘጋ ፕሮአክቲቭ ሊሆን ይችላል። ፕሪኤምፕት ለማድረግ ግን በሌላ በኩል ሊመጣ ያለ ነገር መኖር አለበት፦ ገዢ፣ ጥያቄ፣ ጥቃት፣ ወቀሳ። የሚመጣ ነገር ከሌለ የሚቀደም የለም።

ይህን ከምንም በላይ ያስተማረኝ የካርታ ጨዋታ ነው። ብሪጅ በሚባለው ጨዋታ አራት ሰዎች እያንዳንዳቸው 13 ካርታ ይይዛሉ። መጫወት ከመጀመራቸው በፊት እንደ ሐራጅ በየተራ ይጠራሉ፤ የሚቀጥለው ጥሪ ከፊተኛው ከፍ ማለት አለበት። በዚያ ጥሪ ነው ሁለት አጋሮች አንዳቸው የሌላቸውን እጅ የሚያነቡት። አሁን አንድ ተጫዋች እጁ ደካማ ነው እንበል፤ ትልልቅ ካርታ እምብዛም የለውም፣ ግን ከአንድ ዓይነት ሰባት ካርታ ይዟል። ይህ ሰው ዝም ብሎ በማለፍ ፈንታ በቀጥታ ከሦስት ይጀምራል። ሊያሸንፍ አይደለም። ጠንካራ እጅ የያዙት ተቃራኒዎቹ ከታች ጀምረው ቀስ እያሉ የሚነጋገሩበትን ቦታ ሊወስድባቸው ነው። ይህ ጥሪ በብሪጅ ቋንቋ «ፕሪኤምፕት» ነው። ገንዘብ የለ፣ ዕቃ የለ፤ የተወሰደው የሰው መነጋገሪያ ነው። ቀድሞ የሚይዘው ሁልጊዜ ብርቱው ነው ብሎ ለሚያስብ ሰው ደካማው እጅ እንዴት እንደሚጠቀምበት ማየት ትልቅ ትምህርት ነው።

አብዛኛው ሰው ግን ቃሉን የሚያውቀው ከዜና ነው፤ «ፕሪኤምፕቲቭ» ሲባል ቀጥሎ የሚጠበቀው ቃል ጥቃት ነው። እዚህ ጋ ቆም ማለት ይገባል፣ ምክንያቱም አንድን ቃል በሌላ መለወጥ የሰው ሕይወት ያስከፍላል። እንግሊዝኛ ሁለት ቃላት አሉት። ጠላት ጦሩን ሰብቆ፣ እጁን አንሥቶ ሊወረውር ሲል ቀድሞ መምታት «ፕሪኤምፕቲቭ» ነው። ጠላት ዛሬ ምንም ሳያነሣ ወደፊት ይጠነክራል ተብሎ በስጋት መምታት ደግሞ «ፕሪቬንቲቭ» ነው። በእኛ አነጋገር የመጀመሪያው «ሳይቀድመኝ ልቅደመው» ነው፤ ሁለተኛው «በእንጭጩ ልቅጨው»። በአንደኛው የተነሣ እጅ ይታያል፤ በሁለተኛው የሚታየው ፍርሃት ነው።

ሕግ አዋቂዎች ለዚህ የሚያነሡት አንዲት መርከብ አለች። በታኅሣሥ 1837 መጨረሻ ካሮላይን የተባለች የእንፋሎት ጀልባ በካናዳ በእንግሊዞች ላይ ለተነሡ አማፅያን በናያጋራ ወንዝ ላይ ስንቅና ሰው ታመላልስ ነበር። የእንግሊዝ ወታደሮች በሌሊት ወንዙን ተሻግረው፣ በአሜሪካ ወደብ ላይ ታስራ ሳለች ያዟት፤ አቃጥለው ወደ ፏፏቴው ለቀቋት። አንድ አሜሪካዊ ሞተ። እንግሊዝ ራሴን ተከላከልኩ አለች። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ኃላፊ ዳንኤል ዌብስተር በ1841 በጻፈው ደብዳቤ ላይ መለኪያ አስቀመጠ፦ አደጋው አፋፍ ላይ የደረሰ፣ ከአቅም በላይ የሆነ፣ ሌላ ምርጫ የማይተው፣ ለመምከር እንኳ ጊዜ የማይሰጥ መሆን አለበት። ዛሬም በዓለም አቀፍ ሕግ ክፍሎች ተማሪዎች ስለዚህች ጀልባ ያጠናሉ።

መለኪያውን ይዛችሁ የኋለኛውን ታሪክ ተመልከቱ። ሰኔ 5 ቀን 1967 ጠዋት የእስራኤል አውሮፕላኖች የግብፅን አየር ኃይል አብዛኛውን መሬት ላይ እንዳለ አወደሙት። የግብፅ ጦር ሲና ገብቶ ነበር፤ የቲራን ሰርጥ ለእስራኤል መርከቦች ተዘግቷል፤ የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪዎችም ወጥተዋል። ቀድሞ የመምታት ዋና ምሳሌ ተብሎ የሚጠቀሰው ይህ ነው። እጁ በእርግጥ ተነሥቶ ነበር ወይስ ማስፈራሪያ ብቻ ነበር የሚለው ክርክር ግን እስካሁን አልተዘጋም። ሰኔ 7 ቀን 1981 ያችው እስራኤል ባግዳድ አጠገብ የኢራቅን የኒውክሌር ማብላያ ደበደበች፤ የጸጥታው ምክር ቤት በአንድ ድምፅ አወገዘው። በዚያን ቀን የተነሣ እጅ አልነበረም፤ የተፈራው ወደፊት ነው። በ2002 ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት ባወጣው የደኅንነት ሰነድ «ፕሪኤምፕት» የሚለውን ቃል ገና ጎልምሶ ላልደረሰ አደጋም ዘረጋው። በቀጣዩ ዓመት ኢራቅ ተወረረች፤ ተከማችቷል የተባለው የጅምላ ጨራሽ መሣሪያ ግን አልተገኘም። ጋዜጠኛ ወይም ተርጓሚ ከሆናችሁ እባካችሁ እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። የሚመታ ወገን ሁሉ «ቀድሜ ተከላከልኩ» ማለት ይወዳል። የተነሣ እጅ ካላያችሁ ያንን ቃል አትስጡት።

ከጦር ሜዳ ወደ ኪሳችሁ ልውሰዳችሁ፤ እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ክፍል ይህ ነው። ስልካችሁ ዘፈን እያጫወተ፣ መልእክት እየተቀበለ፣ ካርታ እያሳየ ሁሉንም በአንዴ የሚሠራ ይመስላል። አንድ የአንጎለ ኮምፒውተር እምብርት ግን በአንድ ቅጽበት የሚሠራው አንድ ሥራ ነው፤ በፍጥነት እየቀያየረ ነው የሚያታልለን። ድሮ፣ በዊንዶውስ 3.1 ዘመን፣ ፕሮግራሞቹ ተራቸውን በጨዋነት መልቀቅ ነበረባቸው፤ አንዱ አልለቅም ካለ ማሽኑ በሙሉ ይደርቃል። ዊንዶውስ 95 ለአዳዲሶቹ ፕሮግራሞች ያን ለወጠ። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እንደ ዳኛ ሰዓት ይዞ፣ ጊዜው ያለቀበትን ወይም ማዕረጉ ዝቅ ያለውን አስነሥቶ ሌላውን ያስቀምጣል። ይህ ማስነሣት ስሙ «ፕሪኤምፕት» ማድረግ ነው።

ልብ በሉ፣ እዚህ ነገሩ ተገልብጧል! ገበያ ላይ ቀድሞ የመጣው ነበር ያሸነፈው። ኮምፒውተር ውስጥ ግን ኋላ የመጣው ነው ተቀምጦ የነበረውን የሚያስነሣው። አበው ይህን ካዩት ቆይተዋል፦ ቀድሞ የበቀለን ጆሮ በኋላ የመጣ ቀንድ በለጠው። መቅደም የሰዓት ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ፣ የማዕረግም እንደሆነ ይህ አጠቃቀም ያጋልጣል። በአሜሪካ ሕግም እንዲሁ ነው፤ የፌዴራል ሕግ የአንድን ክፍለ ግዛት ሕግ ሽሮ ቦታውን ሲይዝ «ፕሪኤምፕት» አደረገው ይባላል፣ የክፍለ ግዛቱ ሕግ በዕድሜ ቢበልጥ እንኳ።

ማዕረግ ሲዛባ ምን እንደሚሆን ደግሞ ማርስ ላይ ታይቷል። ፓዝፋይንደር የተባለችው መንኮራኩር ሐምሌ 4 ቀን 1997 በሰላም አረፈች፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ኮምፒውተሯ ደጋግሞ ራሱን እያጠፋ እንደገና መነሣት ጀመረ። ውስጧ ብዙ ሥራዎች በማዕረግ ተደርድረው ነበር። የአየር ጠባይ መረጃ የሚሰበስበው ዝቅተኛ ሥራ የጋራ መሣሪያውን ቁልፍ ይዟል። ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ ያንን ቁልፍ ይጠብቃል። በዚህ መካከል መካከለኛ ማዕረግ ያለው የመገናኛ ሥራ ይመጣና ዝቅተኛውን ያስነሣዋል። ዝቅተኛው ካልሠራ ቁልፉን አይመልስም፤ ቁልፉ ካልተመለሰ ትልቁ ሥራ አይንቀሳቀስም። ትልቁ ሥራ በሰዓቱ አለመጨረሱን ያየው ጠባቂ ሰዓት ደግሞ ችግር አለ ብሎ ሁሉንም እንደገና ያስነሣል። ካሊፎርኒያ ያሉት መሐንዲሶች እዚያው መሬት ላይ ባለ አምሳያ ማሽን ችግሩን ደግመው አዩት። ከዚያም በሚሊዮን የሚቆጠር ኪሎ ሜትር አሻግረው አንዲት ትንሽ ማስተካከያ ላኩ፦ ቁልፍ የያዘ ዝቅተኛ ሥራ፣ ቁልፉን እስኪመልስ ድረስ፣ የሚጠብቀውን የትልቁን ማዕረግ ይዋስ። ማንም መካከለኛ አያስነሣውም። መንኮራኩሯ ዳነች።

እናንተስ ቃሉን እንዴት ትጠቀሙበት? ብቻውን አይቆምም፤ ምን እንደተቀደመ መጥቀስ አለባችሁ፦ ጥያቄን፣ ወቀሳን፣ ጥቃትን፣ አድማን። ድምፁን የምታጠብቁት «ኤምፕት» ላይ ነው። እንግሊዞች በሁለቱ ክፍሎች መካከል ሰረዝ ያስገባሉ፤ አለበለዚያ ሁለቱ ተመሳሳይ ፊደላት ተጣብቀው አንባቢውን ያደናግራሉ። የእኛ ፊደል «ሪ» እና «ኤ»ን ለያይቶ ስለሚጽፍ ያ ጣጣ የለበትም። ሰበር ዜና ድራማውን ከሰዓቱ ሲያስነሣው ድራማው «ፕሪኤምፕት» ተደረገ ይባላል። ባንክ ካፒታል ሲያሳድግ አዲሱ አክሲዮን ለውጭ ሰው ሳይቀርብ በመጀመሪያ ለነባር ባለአክሲዮኖች የሚሰጠው ዕድልም የፕሪኤምፕሽን መብት ነው፤ ቃሉ እዚያ ላይ ወደ ግዢ ሥሩ ተመልሷል።

ለጓደኛዬ የሰጠኋት መልስ አንድ ቃል አልነበረም። ስለ ውይይት ከሆነ «ጥያቄያችሁን ልቅደመው» በይ፤ ስለ ገበያ ከሆነ «ቀድሞ ያዘው»፤ ስለ ሴራ ከሆነ «ሳይፈጸም አከሸፈው»፤ ስለ ኮምፒውተር ከሆነ «አስነሥቶ ተተካ» አልኳት። ስትተረጉመው የነበረው ጽሑፍ ግን የሕክምና ነበርና ከእነዚህ አንዱም አልሆነላትም። ኩላሊቱ እየደከመ ላለ ሰው እጥበት ከመጀመሩ በፊት ንቅለ ተከላ ሲደረግለት ሐኪሞች «ፕሪኤምፕቲቭ» ይሉታል። ብዙ ተነጋግረን በመጨረሻ «ከእጥበት የቀደመ ንቅለ ተከላ» ብላ ጻፈችው። እዚህ የሚቀደመው ገዢ አይደለም፤ ጠላትም አይደለም። በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው አራት ሰዓት ያህል፣ ከማሽን ጋር ታስረው የሚቀመጡበት ወንበር ነው፤ ያ ሰው አንድም ቀን ሳይቀመጥበት የቀረ ወንበር።